የሰሎሞን ጠበቃ

መምህር የኔሰው ፒያኗቸው ላይ እንደተደፉ ሞተዋል። ግንባራቸው ነጫጮቹ ቁልፎች ላይ አርፏል። ከጆሯቸው በላይ ራሳቸው ተከፍቶ የወረደው ደም ከቁልፍ ቁልፍ እየተንጠባጠበ ከወንበሩ ሥር ረግቷል። ያ ፒያኖ በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ አቋርጦ ሞጣ ሲገባ፣ ከተማው በእልልታ ነበር የተቀበለው። ዛሬ ደጁን የሞላው ሰው እልል አይልም። «ገዳዩን አውጡልን!» እያለ የቆርቆሮ አጥሩን በድንጋይ ይደበድባል።

ኢንስፔክተር ስርጉት ጩኸቱን እንዳልሰማች ሆና ሬሳውን ዞረችው።

«የመታቸው በዚህ ነው» አለ ሳጅኑ፣ ወለሉ ላይ የወደቀ የወይራ ዱላ እያሳያት። ጫፉ እንደ ቡጢ የወፈረ ነው፤ ደምና ሽበት ተለጥፎበታል። «የራሳቸው ዱላ ነው። ተማሪ ሲሳሳት ጣቱን የሚመቱበት። ልጁ ተይዟል፣ ፋንታ ይባላል። መናኸሪያ ውስጥ የብቸና መኪና ሊሳፈር ሲል ሕዝቡ አገኘው፤ ከእጃቸው ባናስጥለው ኖሮ ሁለት ሬሳ ነበር የምታነሺው። ዛሬ በሰው ፊት ‹እጅህን እሰብረዋለሁ› ብሏቸዋል። ይኸው፣ ሰበረው!»

ስርጉት ጎንበስ አለች። የሟች ቀኝ እጅ ከቁልፎቹ ጎን እንጨቱ ላይ ተዘርግቷል። የቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣታቸው ተፈጭተው ነጭ አጥንት ይታያል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት ግን ጭረት እንኳ የለባቸውም።

«ሳጅን፣ የተሰበረው እጅ ነው ወይስ ጣት?»

«ያው አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ሁለት ጣት ብቻ ነው። ደግሞ እይ፤ ራሳቸው ይህን ሁሉ ደም ሲያፈስ ጣታቸው ጠብታ የለውም። አላበጠምም። የተመታው ከሞቱ በኋላ ነው።»

«ሞተውም አልማራቸውም በይኛ።»

«አልማራቸውም። ግን የተናደደ ሰው ያገኘውን ነው የሚመታ። ይህኛው መርጦ ነው የመታው።»

ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነበር።

በዚያ ቤት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ ትንሽ ማኅበር ነበረ። የእንግሊዝ አገር ታላላቅ ፒያኒስቶችን ከስልክ በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ፤ ከዚያ ማን ይበልጣል በሚለው እንደ ድሮው ሙግት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ቆመው ይከራከራሉ። እያንዳንዱ የአንድ ፒያኒስት ጠበቃ ነው። መምህር የኔሰው በአንድ ስሙ ብቻ የሚጠራው የፒያኒስቱ የሰሎሞን ጠበቃ ነበሩ። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙሐመድጣሂር ለማይራ ሄስ ይቆማሉ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ይርጋነሽ ለክሊፎርድ ከርዘን፣ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ፋንታ ለጆን ኦግደን። ዳኛው የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ስጦታው ናቸው። በዚህ እሑድ ሙግቱ በጩኸት ፈረሰ፤ ሁሉም ተበተኑ። ጥቂት ቆይቶ ሐጂ የረሱትን ድምፅ ማጉያ ሊወስዱ ሲመለሱ፣ የሰሎሞንን ጠበቃ በደም ተነክረው አገኟቸው።

ፋንታ በእስር ክፍሉ ጥግ ተቀምጧል። የመናኸሪያው ሕዝብ ከንፈሩን ሰንጥቆታል፣ አንድ ዓይኑን ዘግቶታል።

«‹እጅህን እሰብረዋለሁ› ብለሃል?» አለችው ስርጉት።

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

የተሰነጠቀ ከንፈሩን ነክሶ አቀረቀረ።

«ስለ ፒያኒስት ክርክር ነው?»

«አዎ። ስለ ኦግደን።»

«ኦግደንን ምን አሉብህ?»

ፋንታ «ኦግደን…» ብሎ ጀመረና ተወው። በዓለም ውድድር ያሸነፈውን ሰው ማን ምን እንዳለው እንኳ አላስታወሰም። ስርጉት ልጁ ለኦግደን ብሎ እንዳልጮኸ ያን ጊዜ ገባት።

«ስማኝ፣ ፋንታ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ብዙ ያወራል። አንተ ዝም ብለሃል። ለማን ነው?»

«ቃል አለብኝ» አለ፣ ያልተዘጋ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መልሶ። «ቢሰቅሉኝም አልናገርም።»

በማግስቱ የመምህር ሬሳ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ብቸና ሄዶ ተቀበረ። ስርጉት የማኅበሩን ሰዎች ከሞጣ እንዳይወጡ አዝዛ ስለነበር ቀብር አልደረሱም። ከቀብሩ የመጣችው የፋንታ እናት ባንቺዓለም ናት። ከሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች፤ የስርጉትን እግር ልትስም ስትል ስርጉት ትከሻዋን ያዘቻት።

«ተነሺ እናቴ፣ ተነሺ።»

«አልነሣም! የሟች ወንድም አንለይ መቃብሩ ላይ ጥይት ተኩሶ ማለ። ‹ሳልስቱ ሳይወጣ ደሜን እመልሳለሁ› አለ። ‹ፋንታን መንግሥት ቢሸሽግልሽ ታላቅ ወንድሙን እርሻው ላይ አገኘዋለሁ› አለኝ፣ በሕዝብ መሃል። ታላቁ ምን አደረገ? ፒያኖ የሚሉትን በዓይኑ አይቶ አያውቅም!»

«ሳልስቱ ነገ ነው?»

«ነገ ነው። ጎረቤታሞች ነን፤ ድንኳኑ ከእኔ በር ላይ ነው የተተከለው። የእሱን ጠመንጃ ሳይ ነው የዋልኩት።» ባንቺዓለም መዳፏን ደረቷ ላይ ጫነች። «ልጄ፣ አንቺ ወልደሻል?»

«አንድ ሴት አለችኝ።»

«እንግዲያስ አልነግርሽም። ታውቂዋለሽ።»

ስርጉት ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ሱቃቸውን ግማሹን ዘግተው ተቀምጠዋል። ተነሥተው ወንበር ሰጧት።

«ሐጂ፣ ነገር ከሥሩ ይሻላል። ሙግቱን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«እኔ የማይራ ሄስ ጠበቃ ነኝ። ለንደን ላይ ቦምብ ሲዘንብ፣ የሙዚቃ አዳራሹ ሁሉ ሲዘጋ፣ እሷ በምሳ ሰዓት ተቀምጣ ለሕዝቡ ትጫወት ነበር። ሁሉ ሲዘጋ የከፈተ ነው ታላቅ፤ እኛ ነጋዴዎች በዚህ ነው የምንለካ። መምህር ሳቁብኝ። ‹ሐጂ፣ እርስዎ ስለ ሱቅ ነው የሚያወሩት፣ እኔ ስለ እጅ ነው› አሉኝ።»

«እሳቸው ለሰሎሞን ምን አሉ?»

«ሰሎሞን ገና ጉልበት ሳለው በሽታ ቀኝ እጁን ገደለበት። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ዝም አለ። ‹እጁ ሲሞት ሰው ሁሉ ያዘነለት እሱ ነው ታላቅ› አሉ። ቀጥለው ስለ ዱላ ጀመሩ። ‹ያለ ዱላ ፒያኒስት አይወጣም› ሲሉ ስልኬ ጠራ፤ ደጅ ወጣሁ። ስመለስ ልጁ እየጮኸ ነበር።»

«ምን ሰምቶ እንደጮኸ አልሰሙም።»

«ወላሂ አልሰማሁም። መቼም ሰሎሞን ይሁን ማይራ፣ ሁለቱም ሞተዋል። ለሞተ ሰው ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ሲመለሱስ? ሬሳውን ሲያዩ ምን ብለው ጮኹ?»

«‹ድረሱ! ድረሱ!› ነው ያልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። መጀመሪያ መሪጌታ ከላይ መጡ። ቲቸር ይርጋነሽ ደግሞ ከማዶ ከቤቷ።» ሐጂ በሐዘን ፈገግ አሉ። «ምስኪን፣ እሳት የተነሣ መስሏት ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ! ግማሹን ቀሚሷ ላይ ደፍታዋለች። ሬሳውን ስታይ ባልዲው ከእጇ አመለጠ፤ ደምና ውሃው ተቀላቀለ።»

የመሪጌታ ስጦታው ጉባኤ ቤት ከከተማው ዳር ነው። ተማሪዎቻቸው ለምን እንደመጣች ስለገባቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«የኔታ፣ ፍርዱን ለማን ሊሰጡ ነበር?»

«እኔ በስሙ ምክንያት ሰሎሞንን እወዳለሁ። ዳግም የሚነግሥ ይመስለኛል። ግን ስም ምስክር አይሆንም» አሉ መሪጌታ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «ቢጠይቁኝ ለሐጂ ሴትዮ ለማይራ እፈርድ ነበር። እንዳትነግሪያቸው፤ ይኩራሩብናል።»

ስርጉት ሳትወድ ሳቀች። «ፋንታ ከመጮኹ በፊት መምህር ያሉትን ያስታውሳሉ?»

«ስለ ተማሪዎቻቸው ነበር። ‹ሁለቱን በዱላ አሳደግኋቸው። አንዱ ይኸው ወጣልኝ፤ አንዷ አጥንቷ ሸንበቆ ሆኖ ቀረች› አሉ። ያን ጊዜ ልጁ እንደ ነብር ተነሣ። እኔም ሁለቱንም ገሥጬ ጉባኤውን በተንኩ።»

«አንዷ ማን ናት?»

«ብዙ ሴቶች ልጆች አስተምረዋል። ስም አልጠሩም።»

«ሌሎቹ ምን አሉ? ቲቸር ይርጋነሽስ?»

«እሷ ምንም አላለች። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።»

«ጩኸቱን ሲሰሙ የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ፣ ወደዚህ ስመጣ። ተመልሼ ሮጥኩ። ደግሞ እንዴት ያለ ስሕተት ሠራሁ መሰለሽ!» መሪጌታ በራሳቸው ላይ እጃቸውን አወናጨፉ። «የግቢው በር ላይ ይርጋነሽን አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለብሳለች። የእሷ ዘመድ የሞተ መስሎኝ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አልኳት። ‹አሜን› አለችኝ። ገብቼ ባይ የሞተው የኔሰው! ሽማግሌ ሲቸኩል ለቅሶውን ይስታል።»

«በሩ ላይ? ገና ሳትገቡ?»

«ገና ሳንገባ። ሐጂ ውስጥ ናቸው፣ ይጮኻሉ።»

ስርጉት አመስግና ተሰናበተች። ከጉባኤ ቤቱ እስከ መኪናዋ ድረስ የገዛ ነጠላዋን ጫፍ በእጇ ይዛ ነበር የሄደችው።

የይርጋነሽ ቤት ከሟች ቤት ፊት ለፊት ነው። ይርጋነሽ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ንግግሯ የተለካ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች።

«ከርዘንን ለምን መረጥሽ፣ ቲቸር?»

«ራሱን ስለማያምን ነው። ቀርጾ የጨረሰውን እንኳ ደህና ነው ብሎ ለመስጠት ይጨነቅ ነበር። የሚያደንቁት እንደ ጉድለት ይቆጥሩበታል። እኔ ግን እናት እንደዚያ ናት እላለሁ፤ አንዴ አስተካከልኩ ብላ አትተኛም።»

በዚህ መሃል ልጇ ሰሎሜ ሻይ ይዛ ገባች። ብርጭቆውን በግራ እጇ አቀረበች። እንግዳን በግራ መስጠት ነውር ነው፤ እናቷ ግን አልገሠጸቻትም። ስርጉት ሆን ብላ ብርጭቆውን ዘግየት ብላ ተቀበለችና የልጅቷን ቀኝ እጅ አየች። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ወደ መዳፏ ተቆልምመው ደርቀዋል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ሰሎሜ?»

«ባጃጅ ተገልብጦብኝ» አለች ልጅቷ፣ ወለሉን እያየች። ቶሎ ወጣች።

«ፒያኖ ትማር ነበር?»

«እስክትሰበር ድረስ» አለች ይርጋነሽ። «አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልትፈተን ነበር።»

«እሑድ ጩኸቱን ስትሰሚ ምን መሰለሽ?»

«እሳት። ቆርቆሮ ቤት በፀሐይ ሰዓት ሌላ ምን ይሆናል? ባልዲ አንሥቼ ሮጥኩ። ምን እንደሆነ ያወቅሁት ገብቼ ሬሳውን ሳይ ነው።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ስርጉት ከዚያ ወጥታ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች። ፋንታ ፊት ቆማ አንድ ስም ብቻ ተናገረች። «ሰሎሜ።»

ልጁ በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ። ስርጉት በሩን ዘግታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከወጣች በኋላ ሳጅኑን የይርጋነሽን ቤት የሚፈተሽበትን ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘችው።

በሳልስቱ ቀን የብቸናው ድንኳን ሞልቷል። አንለይ መግቢያው ላይ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እጁ ከምላጩ አይርቅም። ባንቺዓለም ከድንኳኑ ውጪ ቆማለች፤ ያ ጠመንጃ ወደ እርሻ መንገድ ካመራ መጀመሪያ እሷን እንዲያገኝ መንገዱን ዘግታ ነው የቆመች። ስርጉት ሐጂን፣ መሪጌታንና ይርጋነሽን በፖሊስ መኪና ይዛ ደረሰች። ጸሎቱ እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ መሃል ላይ ቆመች።

«አያ አንለይ፣ ደም ልትመልስ ምለሃል። ከማን እንደምትመልስ ታውቃለህ?»

«ከባንቺዓለም ልጆች!» አለ አንለይ። «ምን ዙሪያ ያስሄድሻል? በሰው ፊት ዝቷል፣ የዛተውን አድርጓል።»

«የዛተውን አላደረገም። ‹እጅህን እሰብረዋለሁ› ነው ያለው። የወንድምህ እጅ አልተሰበረም። ሁለት ጣት ነው የተሰበረው፤ የቀለበቱና ትንሿ። እሱም ከሞቱ በኋላ ነው። አንተ ጠላትህን ገድለህ ስታበቃ ቁመህ ሁለት ጣት ትመርጣለህ?»

አንለይ የገዛ ጣቶቹን አየ።

«ያ ሰው ቁጣ ብቻ አልነበረውም፤ ሒሳብ ነበረው። ስለ ሁለት ጣት ሁለት ጣት። እንግዲህ እነዚያ ሁለት ጣቶች የማን ነበሩ ብዬ ጠየቅሁ። የኔታ፣ የመምህርን የመጨረሻ ቃል ይድገሙልኝ።»

«‹ሁለቱን በዱላ አሳደግኋቸው፤ አንዱ ወጣልኝ፣ አንዷ አጥንቷ ሸንበቆ ሆኖ ቀረች›» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«አንዱ ፋንታ ነው። አንዷን ሞጣ ላይ አየኋት። ቀኝ እጇ ላይ እነዚያው ሁለት ጣቶች ደርቀዋል። መምህር ናቸው የሰበሯት፣ በዚያው በወይራ ዱላ። ፋንታ እዚያው ነበር፤ ሰሎሜ ለማንም እንዳይናገር አስማለችው፣ ለእናቷም ባጃጅ ነው አለቻት። ልጁ እሑድ ዕለት የጮኸው መምህር ምስጢሩን ሊያወጡት መሆኑን ስላየ ነው። ዝም ሊያሰኛቸው ነበር። አልቻለም፤ መስማት የሌለባት ሰው ሰማች።»

ሰው ሁሉ ወደ ይርጋነሽ ዞረ። ይርጋነሽ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይህ ግምት ነው» አለች። «ልጄ ተጎዳች ማለት እኔ ገደልኩ ማለት አይደለም። እኔ እሳት መስሎኝ ነው የሮጥኩት። ሐጂ ባልዲዬን አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ ሐጂ ፈጥነው። «በአላህ፣ አይቻለሁ።»

«እኔም አምኛለሁ» አለች ስርጉት። «ሐጂ፣ ‹ድረሱ› ብለው ነው የጮኹት። ሞት አላሉም። ሰፈሩ ውስጥ ሰው መሞቱን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም። የኔታ፣ በሩ ላይ ለይርጋነሽ ምን አሏት?»

ለመሪጌታ ነገሩ ያን ጊዜ ነበር የገባቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አልኳት። ነጠላዋ… ነጠላዋ ተዘቅዝቆ ነበር።»

«እሳት ለማጥፋት የሚሮጥ ሰው ነጠላውን ያገለድማል እንጂ አያዘቀዝቅም። በአገራችን ለቅሶ ሳይሰማ ነጠላ የሚያዘቀዝቅ የለም። ባልዲውን አስበሽ ነው የያዝሽው፣ ቲቸር። ነጠላውን ግን ሳታስቢ ነው የለበስሽው። በደም የራሰውን አውልቀሽ ሌላ ስታነሺ፣ የሟች ቤት እንደምትሄጂ እጅሽ ያውቅ ነበር። ሽማግሌው ‹ያጽናሽ› ሲሉሽም ‹ማን ሞተ?› አላልሽም። ‹አሜን› ነው ያልሽ። በደም የራሰውን ነጠላ ሳጅኑ ዛሬ ጠዋት ከጤፍ ጎተራሽ ሥር አውጥቶታል።»

ይርጋነሽ ስትናገር ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምር ሰው የረጋ ነበር።

«ልጄን ሳስረክበው ‹ሥጋዋን ቅጣ፣ አጥንቷን መልስልኝ› አልኩት። እናቴም እኔን ስታስተምር እንደዚያ ነው ያለችው። አጥንቱ የእናት ነው። እሑድ ያን ቃል ስሰማ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ተመለስኩ። ‹የሰሎሜን ጣት አንተ ነህ?› አልኩት። መጫወቱን እንኳ አላቋረጠም። ‹እስካሁን አልነገረችሽም እንዴ?› አለኝ። ዱላው ከአጠገቤ ነበር።»

አንለይ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተነሣ። ጠመንጃውን ሲያቀባብል የብረቱ ድምፅ ድንኳኑን ሰነጠቀው፤ ሴቶች ጮኹ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ሐጂ ከሁሉም ቀድመው አፈሙዙን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ላይ ገፉት። ጥይቱ የድንኳኑን ጣሪያ ቀዶ ወጣ። ባሩዱ የሐጂን መዳፍ አቃጠለው፤ አለቀቁም። ከስርጉት ጋር የመጡት ሁለት ፖሊሶች አንለይን መሬት ላይ ጣሉት። አፉ በአቧራ ተሞልቶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ አለቀሰ።

«አልቅስ፣ አያ» አለችው ስርጉት ጠመንጃውን አንሥታ። «ትናንት መቃብሩ ላይ ስትምል እኮ አላለቀስክም።»

የይርጋነሽን እጅ በካቴና አስራ ወደ መኪናው ስትወስዳት፣ ባንቺዓለም መንገዱ ላይ እንደቆመች ነበር። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተያዩ።

«ልጄን ሊገድሉት እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለች ባንቺዓለም።

«እስር ቤት ነው ያለው፣ ማስረጃ ሲያጡ ይፈቱታል ብዬ…»

«ታላቁንስ? የአንለይ መሐላ ሞጣ ድረስ ተሰምቷል። አልሰማሽም?»

ይርጋነሽ አንገቷን ደፋች። «ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ምን አደረግሽ?»

«ልጄን አየሁ። እኔ ከሄድኩ ማን አላት ብዬ ዝም አልኩ።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አሁንም ብቻዋን ናት። ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት።»

ባንቺዓለም መዳፏን አንሥታ ባላት ጉልበት ሁሉ ፊቷን መታቻት። ይርጋነሽ ተንገዳግዳ መኪናው ላይ ተደገፈች፤ ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። ስርጉት ካቴናውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

«ይህ ስለ ልጆቼ ነው» አለች ባንቺዓለም፣ ከጥፊው የጋለ መዳፏን እየጨበጠች። ከዚያ ወደ ስርጉት ዞረች። «መኪናሽ ወደ ሞጣ አይደለም የሚሄድ? ጠጋ በይልኝ፤ ፋንታን ይዤ ስመለስ ልጅቷንም ወደ ቤቴ አመጣታለሁ።»